ባዶውን የሚመለሰው ቦቴ

(በራዲዮ ከተነገሩት ንግግሮች የተወሰደ)



ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ሆለታን፥ አዲስ ዓለምንና ጊንጪን አልፎ ወደ አምቦ የሚዘልቀውን መንገድ ከእናንተ መካከል የማያውቀው ጥቂት ሰው ነው። አንዳንዱ ለመንግሥት ሥራ፥ አንዳንዱ ለፍል ውሃው፥ አንዳንዱም ከአምቦ በስተ ደቡብ በተራራ ላይ ያለውን ሐሮ ወንጪን ለማየት ይሄድበታል። ሐሮ ማለት በኦሮምኛ ሐይቅ ማለት ነው። በጠፋ እሳተ ገሞራ አፍ ውስጥ የተኛው ይህ ሐይቅ፥ በ2014 ዓ.ም. የተባበሩት መንግሥታት የዓለም ቱሪዝም ድርጅት ወንጪን ከምርጥ የቱሪዝም መንደሮች አንዷ አድርጎ ከመረጣት ወዲህ፥ ስሙ በሩቅ አገር ጭምር ተሰምቷል።

በዚህ መንገድ የሚጓዝ ሰው ደጋግሞ የሚያየው አንድ ነገር አለ። ይኸውም ነዳጅ ጭኖ ወደ ነቀምቴና ከዚያም ወዲያ ወደ ምዕራብ የሚሄደው ቦቴ ነው። ዳገቱን እያቃሰተ በዝግታ ይወጣል፤ ከኋላውም ትንንሾቹ መኪናዎች ተሰልፈው ይከተሉታል። ከጥቂት ቀን በኋላ ያው ቦቴ ባዶውን፥ የብረት ሆዱ እየተንኳኳ፥ ወደ መጣበት ይመለሳል። አስተዋይ የሆነ መንገደኛ ይህን ባየ ጊዜ «ይህን የሚያህል መኪና ይህን ያህል መንገድ ያለ ጭነት መሄዱ ብክነት አይደለምን? ሲመለስ እህል ወይም ቡና ቢጭን ምን ነበረበት?» ብሎ ይጠይቃል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሱ ግን ላይ ላዩን እንደሚታየው ቀላል አይደለም። የዛሬው ንግግራችንም ይህን መልስ ለማስረዳት የታሰበ ነው።

አንድ ቀን በጉደር ከተማ ሻይ ለመጠጣት ባረፍንበት ቤት አንድ የቦቴ ሾፌር አጠገባችን ተቀምጦ ነበርና ይህንኑ ጠየቅነው። «ወንድሜ፥ ይህን ሁሉ አገር ባዶህን ስትመለስ አይቈጭህምን?» ብንለው፥ ፈገግ ብሎ «ጋሼ፥ እኔ ባዶዬን መቼ ሆንሁ? ትነቱን ጭኜ ነው የምመለሰው። ይልቅስ እርስዎ የተማሩ ሰው ነዎትና፥ ሲጋራ ይዘው ከቦቴዬ አጠገብ የሚቆሙትን ሰዎች ቢመክሩልኝ ይሻላል» አለን። ይህች አጭር መልስ የነገሩን ግማሽ ይዛ እንደ ነበር የተረዳነው ዘግይተን ነው።

አስቀድመን ከሩቁ እንጀምር። አገራችን የምታቃጥለውን ቤንዚንና ናፍጣ ከባሕር ማዶ ገዝታ ታስገባለች። በ1950ዎቹ መጨረሻ አሰብ ላይ የነዳጅ ማጣሪያ ተሠርቶ ለብዙ ዓመታት ካገለገለ በኋላ ሥራውን አቆመ። በ1990 ዓ.ም. ደግሞ ከኤርትራ ጋር ጦርነት ተነሣና የአሰብ መንገድ ተዘጋ። ከዚያ ወዲህ የነዳጁ በር ጅቡቲ ሆነ። ከጅቡቲ በጋላፊ፥ በሚሌና በአዋሽ አድርጎ አዲስ አበባ ለመድረስ 900 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ከአዲስ አበባ ነቀምቴ ደግሞ 330 ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናል። እንግዲህ ከወደቡ ተነሥቶ ነቀምቴ የሚያራግፍ ቦቴ አምቦን ሲያልፍ ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዟል ማለት ነው። ለመመለስም ያንኑ ያህል ይጠብቀዋል።

ባዶ የመመለሱ የመጀመሪያ ምክንያት ከዚሁ ይገኛል። ነዳጅ የሚፈሰው ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ ነው። ምንጩ በባሕሩ ዳር፥ ጠጪው በደጋው ላይ ነው። ነቀምቴ ወደ ጅቡቲ የምትልከው ነዳጅ የላትም። ሌላውን የጭነት መኪና ያየን እንደ ሆነ ግን ነገሩ የተለየ ነው። ሲሚንቶና ቆርቆሮ ይዞ ወደ ምዕራብ የወረደው መኪና ሲመለስ ከአምቦና ከጊንጪ ጤፍ፥ ከጊምቢና ከነቀምቴ ቡና ይጭናል። ከሰንቀሌ የአምቦ ውሃ ጭኖ አዲስ አበባ የሚገባው መኪና እንኳ ሲመለስ ባዶ ጠርሙስ በሳጥኑ ሞልቶ ይመጣል፤ ያ ባዶ ጠርሙስ ለፋብሪካው ጭነት ነውና። ቦቴው ግን የሚመልሰው ጠርሙስ የለውም። ጠርሙሱ ራሱ ቦቴው ነው።

እዚህ ላይ «እንግዲያስ ያንን ጤፍና ቡና ለምን ቦቴው አይጭነውም?» የሚል ይኖራል። ሁለተኛው ምክንያት ይህን ይመልሳል። ቦቴ ማለት በጎማ ላይ የተቀመጠ የታሸገ ጋን ነው። ከላይ ሰው በጭንቅ የሚገባበት ጠባብ አፍ አለው፤ ከታች ፈሳሹ የሚወርድበት ቧንቧ አለው፤ ሌላ በር የለውም። ውስጡም ወና አይደለም። ብዙውን ጊዜ በየክፍሉ የተለያየ ነው፤ በክፍሎቹም ውስጥ ፈሳሹ እየተናወጠ መኪናውን እንዳይገለብጠው ማዕበሉን የሚሰብሩ ባለ ቀዳዳ የብረት ግድግዳዎች ቆመዋል። ስለዚህ ጆንያ ሊገባበት አይችልም፤ ቢገባም ሊወጣ አይችልም። ቦቴ ከፈሳሽ በቀር ሌላ ነገር መሸከም አይሆንለትም።

እንኪያስ ሌላ ፈሳሽ ይጫንበት ቢባልስ? ሦስተኛው ምክንያት እዚህ ይመጣል። በቤታችን የምናውቀውን እናስብ። ነጭ ጋዝ የተቀዳበትን ጀሪካን ምንም ቢያጥቡት ዘይት የሚቀዳበት የቤት እመቤት የለችም፤ የጋዙ ሽታ በቶሎ አይለቅምና። በቦቴው ሆድ ውስጥም እንዲሁ ነው። ነዳጁ ከተራገፈ በኋላ በግድግዳው፥ በመጋጠሚያውና በቧንቧው ውስጥ ቅሪት ይቀራል። ይህ ቅሪት ለምግብ በሚሆን ዘይት ወይም በወተት ላይ ቢደርስ ሰው ይጎዳል። ሌላው ቀርቶ በነዳጆቹ መካከል እንኳ መደበላለቅ ጉዳት አለው። በናፍጣ ውስጥ የገባ ጥቂት ቤንዚን ናፍጣውን በቀላሉ እሳት የሚይዝ ያደርገዋል፤ በአውሮፕላን ነዳጅ ውስጥ የሚገባ እድፍ ደግሞ ምን ያህል አደገኛ እንደ ሆነ መናገር አያስፈልግም። ቦቴውን በእንፋሎትና በሳሙና አጥቦ ለሌላ ፈሳሽ ማዘጋጀት አይቻልም ማለት አይደለም፤ ነገር ግን የተለየ ማጠቢያ፥ የሠለጠነ ሠራተኛና ከነዳጅ ጋር የተቀላቀለውን እጣቢ የሚያከማች ቦታ ያሻል። እጣቢው ወደ ጉደር ወንዝ ወይም ወደ ሌላ ወንዝ ተለቀቀ ማለት ከታች ያለው ሰውና ከብት ጠጣው ማለት ነው።

ደግሞም ቦቴው ታጥቦ ነጻ ቢሆን፥ ወደ ወደቡ የሚሄድ ፈሳሽ የት ይገኛል? የምግብ ዘይት እንኳ ብዙው የሚመጣው ከውጭ ነው፤ የሚመጣውም በዚያው በነዳጁ አቅጣጫ ነው። አገራችን የምትሸጠው ቡናና ሰሊጥ በጆንያ፥ ከብቱ በእግሩ፥ አበባው በአውሮፕላን ይሄዳል እንጂ በቦቴ የሚጫን አይደለም።

አሁን ወደ አራተኛውና ወደ ዋናው ምክንያት፥ ሾፌሩ «ትነቱን ጭኜ ነው» ወዳለው ነገር እንመለስ። ብዙ ሰው ሙሉ ቦቴ አደገኛ፥ ባዶው ግን የማይጎዳ ይመስለዋል። ይህ አሳሳች ሐሳብ ነው። የሚቃጠለው ፈሳሹ ቤንዚን ሳይሆን ከእርሱ የሚነሣው ትነት ነው። ትነቱም እንዲፈነዳ ከአየር ጋር በልክ መቀላቀል አለበት። የቤንዚን ትነት ከ100 እጅ ውስጥ ከ1 እጅ ተኩል እስከ 7 እጅ ተኩል ያህል ሲሆን ይፈነዳል። ከዚህ ካነሰ ይሳሳል፤ ከዚህ ከበዛም አየር ያንሰዋልና አይፈነዳም። በሞላ ቦቴ ውስጥ ለአየሩ ቦታ የለም። ባዶው ቦቴ ግን ከተራገፈ በኋላ አየር ይገባበታል፤ ከታች ያለው ቅሪትም መትነኑን አያቋርጥም፤ እንዲህም ሆኖ ድብልቁ ለመፈንዳት የሚመች ሆኖ ሊገኝ ይችላል። ያን ጊዜ አንዲት ፍንጣሪ ትበቃለች።

ናፍጣ ራሱ ከ50 ዲግሪ በላይ ካልሞቀ በቀር የሚያቀጣጥል ትነት አይሰጥም። ሆኖም ቤንዚን በነበረበት ቦቴ ውስጥ ሳያጸዱ ናፍጣ የቀዱ እንደ ሆነ፥ ናፍጣው የቤንዚኑን ትነት እየመጠጠ መጠኑን ወደሚፈነዳበት ልክ ሊያወርደው ይችላል። በቧንቧ ውስጥ በፍጥነት የሚሮጥ ነዳጅም የኤሌክትሪክ ኃይል ያጠራቅማል። ትነቱና ፍንጣሪው የተገናኙ እንደ ሆነ አደጋው ይደርሳል። በነዳጅ ማደያና በማከማቻ ቦቴውን ከመሬት ጋር በሽቦ የሚያገናኙት ይህ ኃይል ወደ መሬት እንዲወርድ ነው።

ዓለም ይህን የተማረው በብዙ ጉዳት ነው። በታኅሣሥ ወር 1962 ዓ.ም. ማርፔሳ፥ ማክትራና ኮንግ ሆኮን ሰባተኛ የሚባሉ ሦስት ታላላቅ የነዳጅ መርከቦች በአንድ ወር ውስጥ በአፍሪካ ዙሪያ ባሕር ላይ ፈነዱ፤ ማርፔሳም ከዳካር ባሻገር ሰጠመች። ሦስቱም ነዳጃቸውን አራግፈው ባዶ ነበሩ። በምርመራው እንደ ታመነበት፥ የመርከቦቹ ጋኖች በኃይለኛ የውሃ ግፊት በሚታጠቡበት ጊዜ ከውሃው ርጭት የተነሣ የኤሌክትሪክ ኃይል ተጠራቅሞ ፍንጣሪ ፈጥሯል። ከዚያ ወዲህ ታላላቆቹ የነዳጅ መርከቦች በባዶው ጋን ውስጥ እሳት የማያቀጣጥል ጋዝ እንዲሞሉ ታዘዘ። ይህም ማለት በባሕር ላይ እንኳ ባዶ መርከብ ፈጽሞ ባዶውን አይተውም ማለት ነው።

ከዚህ የምናገኘው ትምህርት ለቦቴ ሾፌር ብቻ አይደለም። በየመሥሪያ ቤቱ ግቢ ነዳጅ የነበረበት አሮጌ በርሜል ተጠራቅሞ በጨረታ ይሸጣል፤ ገዢውም ወስዶ በእሳት ይቈርጠዋል ወይም ይበይደዋል። በመርካቶ ምናለሽ ተራ የሚሠሩ ባለሙያዎች የብረትን ጠባይ ያውቃሉ፤ ዳሩ ግን የትነትን ጠባይ ሁሉም ያውቃል ማለት አይቻልም። በርሜሉ ሳይታጠብና ትነቱ ሳይወጣ እሳት ያስጠጋበት ሰው ሕይወቱን ለአደጋ ይሰጣል። ሽያጩን የሚፈርም ሹም ይህን በጨረታው ውል ላይ ቢጽፍና ለገዢው ቢያስነግር የሰው ነፍስ ያድናል።

አሁን አንድ አስደናቂ ነገር እንጨምር። ከጉደር ወዲያ ጌዶ ላይ ወደ ሰሜን የሚገነጠለው መንገድ ወደ ፊንጫ ስኳር ፋብሪካ ይወስዳል። ይህ ፋብሪካ ከስኳር ተረፈ ምርት ኢታኖል የሚባል አልኮል የሚያወጣ ክፍል አለው። በ2001 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ቤንዚን ከ100 እጅ 5 እጅ ኢታኖል ተቀላቅሎበት መሸጥ ተጀመረ፤ በኋላም 10 እጅ ሆነ። እንግዲህ በዚያ ዘመን በአምቦ መንገድ ሁለት ዓይነት ቦቴ ይተላለፍ ነበር ማለት ነው፤ አንዱ ናፍጣ ይዞ ወደ ምዕራብ ሄዶ ባዶውን ሲመለስ፥ ሌላው ባዶውን ሄዶ ኢታኖል ይዞ ይመለሳል። በመንገድ ላይ አንዱ ሙሉ አንዱ ባዶ ሆነው ሰላምታ ይሰጣጣሉ። «ታዲያ አንዱ ቦቴ ለሁለቱም አይበቃም ነበርን?» ብለን እንጠይቅ ይሆናል። ኢታኖል ግን ውሃን ከየትም የሚስብ ፈሳሽ ነው፤ ታጥቦ በደንብ ያልደረቀ ቦቴ ያበላሸዋል። ለናፍጣ የተሠራውን የጎማ ማሸጊያም ሊያቈስለው ይችላል። የናፍጣው ቅሪትም ከቤንዚን ጋር ለሚቀላቀለው ኢታኖል እድፍ ይሆንበታል። ከዚህም ሌላ የናፍጣው ባለቤትና የኢታኖሉ ባለቤት የተለያዩ ናቸው፤ ውላቸው የተለያየ፥ የሚጫኑበትም ቀን የተለያየ ነው። የተፈጥሮ ሕግና የውል ሕግ በአንድነት ሁለቱን ቦቴዎች ለያይተው ያስኬዳሉ።

የባዶውን መንገድ ዋጋ የሚከፍለው ማን ነው? ባለ መኪናው የሚመስለው ሰው ተሳስቷል። የነዳጅ ማጓጓዣ ሒሳብ ሲወሰን መኪናው ባዶውን እንደሚመለስ ታውቆ ነው። ነዳጅም በየከተማው የሚሸጥበት ዋጋ እንደ መንገዱ ርቀት ይለያያል። ስለዚህ የነቀምቴው ገበሬ ለወፍጮው፥ የአምቦው ባለ ታክሲ ለመኪናው ቤንዚን ወይም ናፍጣ ሲገዛ፥ የመመለሻውንም ዋጋ አብሮ ይከፍላል። ጤፉ ወደ አዲስ አበባ ሲመጣም በጤፉ ዋጋ ውስጥ ተደብቆ ወደ እኛ ወደ ደመወዝተኞቹ ማዕድ ይደርሳል።

ይሁን እንጂ ሒሳቡን በጥንቃቄ ብናየው አንድ ያልጠበቅነው ነገር እናገኛለን። ለምሳሌ ያህል አንድ ቦቴ ከነተሳቢው 45,000 ሊትር ይይዛል እንበል። ተጭኖ ሲሄድ በ100 ኪሎ ሜትር 50 ሊትር፥ ባዶውን ሲመለስ 30 ሊትር ያቃጥል። መንገዱ በአንድ ወገን 1,200 ኪሎ ሜትር ቢሆን፥ ሲሄድ 600፥ ሲመለስ 360 ሊትር ይፈጃል። እንግዲህ በባዶው መንገድ የተቃጠለው ነዳጅ ካደረሰው ከ100 ሊትር 1 ሊትር እንኳ አይሞላም። ጎማው፥ ፍሬኑና የሾፌሩ አበል ሲታከልበት ወጪው ይጨምራል፤ ነገር ግን ትልቁ ብክነት ከዚህ አይደለም። ትልቁ ብክነት ጊዜ ነው።

ይህንም በቍጥር እንመልከተው። መሄጃውና መመለሻው በአንድነት 6 ቀን፥ ለመጫንና ለማራገፍ ወረፋ መጠበቅ፥ ወረቀት ማስፈረምና ማኅተም ማስመታት ደግሞ ሌላ 6 ቀን ቢፈጅ፥ አንዱ ምልልስ 12 ቀን ይሆናል። በ360 ቀን ውስጥ መኪናው 30 ጊዜ ይመላለሳል። ቆሞ የሚጠብቅበት ጊዜ በግማሽ ቢቀነስና 3 ቀን ቢሆን ግን ምልልሱ 9 ቀን ይሆንና በዓመት 40 ጊዜ ይመላለሳል። ይህም ማለት በዚያው መኪና፥ በዚያው ሾፌር፥ ተጨማሪ 450,000 ሊትር ነዳጅ ይደርሳል፤ ሦስት ቦቴ የአራት ቦቴ ሥራ ይሠራል ማለት ነው። ባዶውን መንገድ ማስቀረት አይቻልም፤ ወረፋውን ማሳጠር ግን ይቻላል። ከዚህም ላይ፥ የተከበራችሁ አንባብያን፥ ነገሩ ከሾፌሩ መሪ ወጥቶ ወደ እኛ ጠረጴዛ ይመጣል። ለፊርማ ያደረ አንድ ወረቀት፥ «ነገ ተመለስ» የተባለ አንድ ሰው፥ በማደያ በር ላይ ቆሞ የሚያድር አንድ ቦቴ ነው።

ስለ ሾፌሩም አንድ ቃል እንናገር። ባዶ ቦቴ ለመንዳት ቀላል ይመስላል። ሆኖም ፍሬኑና ጎማው ለከባድ ጭነት የተሠሩ ስለ ሆኑ፥ ጭነቱ ሲወርድ የኋላው እግር ይቀልና መንገዱን አጥብቆ አይጨብጥም። በክረምት፥ ወደ ጉደር በሚወስደው ቍልቍለት ላይ ዝናብ በዘነበ ጊዜ፥ በድንገት ፍሬን የያዘ ባዶ መኪና ሊንሸራተት ይችላል። በዚያም ላይ የሾፌሩ ልብ ወደ ቤቱ ወይም ወደሚቀጥለው ወረፋ ቸኵሏል። ስለዚህ ባዶ ነው ብላችሁ ከፊቱ በድንገት አትግቡበት፤ በመንገድ ዳር የቆመም እንደ ሆነ በአጠገቡ እሳት አትጫሩ።

ባዶ መመለስ የእኛ አገር ችግር ብቻ አይደለም። በአውሮፓ ውስጥ እንኳ፥ ንግዱ ወዲህም ወዲያም በሚመላለስበት አገር፥ የጭነት መኪናዎች ከሚጓዙት 5 ኪሎ ሜትር 1ዱን ያህል ባዷቸውን ይሄዳሉ። የቦቴው ዕጣ ከዚህ የከፋ ነው፤ ግማሹ መንገዱ ባዶ ነውና። ለዚህ ዘላቂው መድኃኒት ምንድር ነው ያልን እንደ ሆነ፥ ባቡር ብዙ ነዳጅ በአንድ ጊዜ ይስባል፤ ነገር ግን የባቡሩም ጋን ባዶውን ይመለሳል። የማይመለሰው ቧንቧ ብቻ ነው። በ2008 ዓ.ም. ከጅቡቲ እስከ አዋሽ 550 ኪሎ ሜትር ያህል የነዳጅ ቧንቧ ለመዘርጋት ታቅዶ ነበር፤ ሳይሠራ ቀረ። የኤሌክትሪክ ሽቦም እንዲሁ ኃይሉን ያደርሳል እንጂ ባዶ ጋን አይመልስም። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉ ሲነገር ብዙ ሰው ነገሩን ከውጭ ምንዛሪ ጋር ብቻ አገናኝቶት ነበር፤ በእያንዳንዱ በኤሌክትሪክ በሚሄድ መኪና ልክ ከጅቡቲ መንገድ ላይ የሚቀነስ የቦቴ ምልልስ እንዳለ ግን አላሰበውም።

እስከዚያው ድረስ ቦቴው ባዶውን መመለሱ አይቀርም። ወደ ሐሮ ወንጪ የሄደ ሰው አንድ ነገር ያስታውስ ይሆናል። ወደ ሐይቁ በሚያወርደው መንገድ ላይ ፈረሰኞቹ ፈረሶቻቸውን ይዘው ይጠብቃሉ። እንግዳው ቍልቍለቱን በእግሩ መውረድ ይቀለዋል፤ ፈረሱም ኮርቻውን ባዶ አድርጎ ከኋላው ይከተላል። ከታች ሐይቁ ዳር ደርሶ ዳገቱን አሻቅቦ ባየ ጊዜ ግን እንግዳው ፈረሱን ይፈልጋል። ያን ጊዜ «ይህ ፈረስ ባዶውን ለምን ወረደ?» ብሎ የሚጠይቅ የለም። ባዶውን ባይወርድ ኖሮ ዳገቱን የሚያወጣው አይገኝም ነበርና።

ባዶው ቦቴም እንደዚሁ ነው። በአምቦ መንገድ ላይ እየተንኳኳ ሲያልፍ ያየነው እንደ ሆነ፥ ሥራውን ጨርሶ ለሚቀጥለው ጭነት የሚሄድ መሆኑን እንወቅ፤ ትነቱንም እንፍራ፤ ወረቀቱም በእኛ ጠረጴዛ ላይ እንዳያድር እንትጋ።